«ነዘረኝ» ሁሉ አንድ አይደለም

ምሽት ላይ ሹራብዎን በራስዎ በኩል ሲያወልቁ እሳት ላይ እንደ ወደቀ ጨው የሚንጣጣ ድምፅ ይሰማሉ። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ትንንሽ ሰማያዊ ብልጭታዎች ያያሉ። ጠዋት በፕላስቲክ ማበጠሪያ ሲያበጥሩ ፀጉርዎ አልተኛም ብሎ ማበጠሪያውን ተከትሎ ይነሣል። ከመኪና ወርደው በሩን ሊዘጉ እጅዎን ሲሰዱ «ጠቅ» አድርጎ ይነዝርዎታል። ወዳጅዎን ሲጨብጡም አንዳንዴ እንዲሁ ነው፤ ሁለታችሁም እጃችሁን በድንጋጤ ሰብስባችሁ ትሳሳቃላችሁ።

ይህ ነገር በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ይበረታል። ደጋግሞ የሚገጥማቸው ሰዎች «ሰውነቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ በዝቷል ይሆን? የነርቭ ሕመም ይሆን? ልቤንስ አይጎዳውም?» እያሉ ይጨነቃሉ። መልሱ አጭር ነው። በሽታ አይደለም፤ የበሽታ ምልክትም አይደለም።

የዛሬውን ዓምድ ለዚህ ጉዳይ የሰጠነው ግን ለማረጋጋት ብቻ አይደለም። ሹራብም ነዘረኝ፣ ምጣድም ነዘረኝ እንላለን። መብረቅ የመታውንም ሰው «ኤሌክትሪክ ስላለበት አትንኩት» ሲባል ይሰማል። ሦስቱ ግን የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የመጀመሪያው የሚያስቅ ነው። ሁለተኛው በቸልታ ከታለፈ ይገድላል። በሦስተኛው የተመታ ሰው ደግሞ ሊተርፍ እየቻለ፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሊነኩት ስለ ፈሩ ብቻ ሊሞት ይችላል። ለይቶ ማወቁ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከመሠረቱ እንነሣ። በዙሪያችን ያለው ነገር ሁሉ፣ የእኛም ሰውነት ጭምር፣ አተም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው። በአተሙ እምብርት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖች አሉ፤ በዙሪያቸው ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ። ተመሳሳይ ቻርጆች ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። ሁለቱ በቁጥር እኩል እስከሆኑ ድረስ አንዱ የሌላውን ስለሚያካክስ ኤሌክትሪክ መኖሩን እንኳ አናውቅም። ፕሮቶኖች ከቦታቸው አይነቃነቁም። ኤሌክትሮኖች ግን፣ በተለይ ዳር ላይ ያሉት፣ ቤት መቀየር ይቀናቸዋል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ወይም ተፋትገው ሲለያዩ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ሰጪው ስለ ጎደለው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ስለ በዛለት ኔጌቲቭ ይሆናል።

ልብ ይበሉ፤ አዲስ የተፈጠረ ነገር የለም። ነገሩ ከጎረቤት እንደ ተወሰደ ብድር ነው፤ አንዱ ዘንድ የበዛው ሌላው ዘንድ ጎድሏል። መመለሻ መንገድ እስኪገኝ ድረስ ቻርጁ ባለበት ይቆያል። «ስታቲክ» የተባለውም የማይፈስ፣ ባለበት የቆመ ስለሆነ ነው። መንገድ ሲያገኝ ግን በአንድ ጊዜ ይመለሳል። ጣትዎ ከመኪናው በር ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው «ጠቅ» ያለው ያ የዕዳ ክፍያ ነው። ፀጉርዎ የሚቆመውም እያንዳንዱ ዘለላ ተመሳሳይ ቻርጅ ይዞ አንዱ ሌላውን ስለሚገፋ ነው።

ጉዳዩን አስቀድመው ያስተዋሉት የጥንት ግሪኮች ናቸው። አምበር የሚባለው፣ ከዘመናት ብዛት እንደ ድንጋይ የጠነከረ የዛፍ ሙጫ፣ በጨርቅ ሲታሽ ገለባና ላባ እንደሚስብ አይተዋል። አምበርን በቋንቋቸው «ኤሌክትሮን» ይሉታል፤ ኤሌክትሪክ የሚለው ቃል የተወለደው ከዚሁ ነው። ነገሩን በሙከራ አጥንቶ እ.ኤ.አ በ1600 በመጽሐፍ ያሳተመው ደግሞ እንግሊዛዊው ዊሊያም ጊልበርት ነው። ሰውየው በሙያው ሐኪም ነበር፤ የንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ሐኪም። ጉዳዩ በጤና ዓምድ ላይ መምጣቱ እንግዳ የሆነበት አንባቢ ካለ፣ ገና ከመነሻው ሐኪም ነበረበት ማለት ነው።

በክረምት የማይነዝረን ሹራብ በበጋ የሚነዝረን ለምንድን ነው? አየሩ እርጥበት ሲኖረው በልብስም፣ በቆዳም፣ በወለልም ላይ ለዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን ይኖራል። ቻርጁም ሳይጠራቀም በዚያ ላይ ቀስ እያለ ይበተናል። በደረቅ አየር ያ መንገድ ስለሚዘጋ ይጠራቀማል። የምንለብሰውም ተለውጧል። ፖሊስተር፣ ናይለንና አክሪሊክ ቻርጅ ይዘው አይለቁም። ጥጥ ግን እርጥበት ስለሚይዝ ብዙም አያስቸግርም፤ ጋቢው ነዘረኝ የሚል ሰው እምብዛም አናገኝም። ጫማችንም ቢሆን ሶሉ ላስቲክ ነው። በባዶ እግር የአፈር ወለል ላይ ለኖሩት አያቶቻችን ምድሪቱ ራሷ ቻርጁን ትቀበላቸው ነበር።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚገረምበት ቁጥር እንምጣ። ጣታችን ብልጭታውን የሚሰማው ከ3,000 ቮልት ገደማ ጀምሮ ነው። በደረቅ ቀን ምንጣፍ ላይ ተራምዶ የበር እጀታ የሚይዝ ሰው ከ10,000 ቮልት በላይ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። የቤታችን መብራት ግን 220 ቮልት ብቻ ነው። ታዲያ 220ው እየገደለ 10,000ው እንዴት ያስቃል?

ከቆርቆሮ ጠርዝ ላይ የምትወርድ ጠብታን ያስቡ። ከከፍታ ነው የምትመጣው፤ አናት ላይ ብታርፍ ታስደነግጥ ይሆናል እንጂ አትጎዳም። የክረምት ወንዝ ግን ቁልቁለቱ ትንሽ ቢሆንም ጉልበት ድረስ ከሞላ ሰው ይወስዳል። ቮልት ከፍታውን ይነግረናል። ጉዳቱን የሚወስነው ግን በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው ብዛትና የሚቆይበት ጊዜ ነው። የሹራቡ ብልጭታ ጠብታ ናት፤ ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጀምራ ታበቃለች። የመስመሩ ኤሌክትሪክ ግን እጅዎ እስካለ ድረስ መፍሰሱን ይቀጥላል። የእጅን ጡንቻ አኮማትሮ እንዳይለቁ ያደርጋል፤ የልብንም ምት ሊያዛባ ይችላል።

ስለዚህ ልብስና ብርድ ልብስ ላይ የሚታየው ብልጭታ ጤነኛ ልብን አያውክም፤ ጽንስንም ሆነ አራስ ሕፃንን አይጎዳም። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለላቸው ሰዎችም ብዙ መጨነቅ የለባቸውም፤ መሣሪያዎቹ እንዲህ ያለውን ብልጭታ እንዲቋቋሙ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ከነዘራቸው በኋላ ማዞር ወይም የልብ ምት መዛባት ከተሰማቸው ግን ለሐኪማቸው ይንገሩ።

መሰላቸቱን ለመቀነስ ቀላሉ መንገድ ከቆዳ በታች የሚለበሰውን ከጥጥ ማድረግና በበጋ የሚደርቀውን ቆዳ ቅባት መቀባት ነው፤ ይህ ለቆዳው ለራሱም ይበጃል። ከመኪና ሲወርዱ ገና ከመቀመጫው ሳይነሡ የበሩን ብረት ይዘው ይውረዱ፤ ቻርጁ በእጅዎ በኩል ሳያስደነግጥዎ ይወጣል። ወይም ብረቱን አስቀድመው በቁልፍ ይንኩት፤ ብልጭታው ከቁልፉ ጫፍ እንጂ ከጣትዎ አይዘልም። ሕመም የሚሰማው ጣት ላይ ያለችው ጠባብ ነጥብ ስለሆነች እንጂ በመጠኑ ያው ነው።

ይህች ምንም የማትጎዳ ብልጭታ አደገኛ የምትሆነው የሚቀጣጠል ነገር አጠገብ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ቀዶ ሕክምና ሲደረግ በሽተኛው እንዲተኛ ይሰጥ የነበረው ኤተርና መሰል ጋዝ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነበር። በዚህም የተነሣ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ፍንዳታ ደርሷል። ሐኪሞችና ነርሶች የጥጥ ልብስ እንዲለብሱ፣ ቻርጅ የሚያስተላልፍ ጫማ እንዲያደርጉ፣ ወለሉም እንዲሁ እንዲሆን የተደረገው ለዚህ ነበር። ዛሬ የማይቀጣጠሉ መድኃኒቶች ተተክተዋል። ቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚወስድ ታማሚ ያለበት ቤተሰብ ግን ናይለንና የሱፍ ብርድ ልብስ ትቶ በጥጥ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ቤንዚን ላይ ደግሞ ጠንከር እንበል። የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ሲቀላቀል እንዲቀጣጠል የሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው፤ ጣታችን በቅጡ የማይሰማው ብልጭታ እንኳ ሊያስነሣው ይችላል። ነዳጅ በጎማ ቱቦ ውስጥ ሲፈስ ራሱ ቻርጅ ይፈጥራል። የፕላስቲክ ጀሪካን ሞተር ሳይክል ጀርባ ላይ ወይም በላስቲክ በተነጠፈ የጭነት መኪና ላይ እንዳለ ሲሞላ ቻርጁ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ ስለሌለው ይጠራቀማል። ስለዚህ ለነዳጅ የተሠራ መያዣ መጠቀም፣ መያዣውን አውርዶ መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ የቱቦውን አፍ ከመያዣው አፍ ጋር እንደተነካካ ማቆየትና ቀስ ብሎ መቅዳት ያስፈልጋል። በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን መቅዳት በምንም መልኩ አይመከርም። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፤ ያም ሆኖ ልማዱ አንድ ቢሆን ጥሩ ነው። ድንገት እሳት ከተነሣ ቱቦውን መዝዘው አያውጡ፤ እሳቱን ይዞ ይረጫል። ባለበት ትተው ይራቁ፣ ማሽኑ እንዲዘጋ ይጩኹ።

ምጣዱ ሲነዝር

አሁን ወደ ሁለተኛው «ነዘረኝ» እንለፍ። «ምጣዳችን ትንሽ ትንሽ ይነዝራል፤ ለምደነዋል» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። እባክዎ አይልመዱት። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያ ወይም የውሃ ማሞቂያ ሲነዝር ስታቲክ አይደለም። ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ወይም ውሃ ገብቶበት፣ የመስመሩ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ አካል እየፈሰሰ ነው።

መለያው ይህ ነው። ስታቲክ አንዴ «ጠቅ» ብሎ ያበቃል፤ ወዲያው መልሰው ቢነኩት ዝም ይላል፣ ዕዳው ተከፍሏልና። የሚፈስ ኤሌክትሪክ ግን በነኩት ቁጥር ይነዝራል፣ እጅ ላይ ይርገበገባል። ወለሉ ሲረጥብና ባዶ እግር ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። ይህን የምንነግርዎ እየነኩ እንዲፈትሹ አይደለም፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይነኩት ነው። ዛሬ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ በጫማ ቆመው «ትንሽ» የነዘረዎ ምጣድ፣ ነገ ሊጥ የፈሰሰበት ወለል ላይ በባዶ እግሯ የቆመችን ልጅ ሊይዛት ይችላል። ኃይሉን ከብሬከሩ ያጥፉ፣ ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያም ይጥሩ። ባለሙያው ሲመጣ ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ በቤትዎ መኖሩንና በትክክል መሥራቱን እንዲያይልዎ ይጠይቁት። ይህ ሽቦ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ በሰው ሳይሆን በራሱ በኩል ወደ መሬት የሚያወርድ ነው።

ሰው በመስመር ኤሌክትሪክ ተይዞ ካገኙ በባዶ እጅ አይንኩት። እርስዎም ይያዛሉ። ቅድሚያ ብሬከሩን ይዝጉ። ያ ካልተቻለ በደረቅ ቦታ ቆመው በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ሽቦውን ከሰውየው ያርቁ። ይህ ለቤት መስመር ብቻ የሚሠራ ነው። ከምሰሶ ተበጥሶ የወደቀ ሽቦ ካዩ ግን ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፤ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ማንም አይጠጋ።

መብረቅም ከአንድ ቤት ነው

መብረቅ ከሹራቡ ብልጭታ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። በደመና ውስጥ የበረዶ ብናኞችና ከበድ ያሉ የበረዶ እንክብሎች በነፋስ እየተናጡ ይጋጫሉ። ቀላሎቹ ፖዘቲቭ ሆነው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከባዶቹ ኔጌቲቭ ሆነው ወደ ታች ይወርዳሉ። የደመናው ሆድ ሲሞላ ዕዳው ወደ ምድር ይከፈላል። ቮልቱ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ የሚያልፍበት አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል። አየሩ ድንገት ግሎ ሲስፋፋ የሚያሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ነው። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው መቶ ዘመን መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሙከራ አቀረበ። እ.ኤ.አ በ1753 ተመሳሳይ ሙከራ በሴንት ፒተርስበርግ ሲያደርግ የነበረው ጌኦርግ ሪክማን የተባለ ሳይንቲስት ግን በመብረቁ ተመትቶ ሞተ።

ብዙ ሰው መብረቅ የሚገድለው በቀጥታ አናት ላይ ሲወርድ ብቻ ይመስለዋል። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ግን ከአጠገብ ነው። ዛፉን የመታው መብረቅ ከግንዱ ወደ ተጠለለው ሰው ይዘላል፤ ወይም መሬት ውስጥ ዙሪያውን ይሰራጫል። መሬት ላይ ሲሰራጭ በአንድ እግር በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን ጉዳቱ ይብሳል። በአንድ ዛፍ ሥር የነበሩ በርካታ ከብቶች በአንድ ጊዜ የሚያልቁት ለዚህ ነው። የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ነው፤ በመካከሉም ልብ አለ። በኖርዌይ እ.ኤ.አ ነሐሴ 2016 በአንድ ማዕበል ተሰብስበው የነበሩ 323 አጋዘኖች በአንድ ቦታ ሞተው ተገኝተዋል።

እንግዲህ ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር መጠለል ትልቁ ስሕተት ነው። ብልጭታ ካዩ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንድ ይቁጠሩ፤ በየ3 ሴኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቁጥሩ ከ30 ካነሰ መጠለያ ይግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጡ። የተሻለው መጠለያ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የተዘረጋበት ቤት ነው፤ መስመሮቹ መብረቁን ወደ መሬት ስለሚያወርዱት። ስለዚህም ውስጥ ሆነው ቧንቧና ሶኬት ላይ የተሰካ ዕቃ አይንኩ። ብረት ጣሪያ ያለው፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪናም ጥሩ ነው። የሚጠብቅዎ ጎማው ሳይሆን ዙሪያውን ያለው ብረት ነው፤ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ስለዚህ አያስጥሉም።

ዳስ፣ የገበያ ድንኳን፣ በረትና ሣር ቤት ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥሉም። ሌላ አማራጭ ከሌለ ጎጆ ውስጥ ከምሰሶውና ከግድግዳው ራቅ ብለው እግርዎን ገጥመው ዱካ ላይ ይቀመጡ። ሜዳ ላይ የተያዙ ሰዎች ተበታትነው፣ እግራቸውን ገጥመው ቁጢጥ ይበሉ እንጂ አይተኙ። መበታተኑ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲረዳው ነው። የለበሱት ልብስ ቀለም ምንም ለውጥ አያመጣም፤ መብረቅ የሚመርጠው ከፍ ብሎ የቆመውን ነው።

ይንኩት

መብረቅ የመታው ሰው ሰውነት ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም። ቻርጁ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ምድር ሄዷል። ከመስመር ጋር እንደ ተያያዘው ሰው አይደለም፤ ያለ አንዳች ፍርሃት ሊነኩት ይችላሉ፣ ሊነኩትም ይገባል። ማዕበሉ ካልሄደ አስቀድመው ከዛፉና ከሜዳው ያርቁት።

መብረቅ የሚገድለው በዋናነት ልብንና እስትንፋስን በማቆም ነው። ልብ አንዳንዴ በራሷ ትነሣለች፤ እስትንፋስን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ግን ቶሎ አይነቃም። አየር ካላገኘ ልብ እንደገና ትቆማለች። በእነዚያ ደቂቃዎች የሚሰጥ እርዳታ ነው ሰውን የሚያተርፈው። ሰውየው ካልተነፈሰ በጀርባው ያስተኙት፣ በደረቱ መካከል የአንዱን መዳፍ ተረከዝ አስቀምጠው ሌላውን እጅ ከላይ ይደርቡ፣ ክንድዎን ቀጥ አድርገው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫኑ፣ ይልቀቁ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ሥልጠና ካለዎት ከ30 ግፊት በኋላ 2 ጊዜ በአፍ ትንፋሽ ይስጡ፤ ከሌለዎት መጫኑን ብቻ አያቋርጡ። ሌላ ሰው በ907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ሲደክምዎ ይለዋወጡ።

ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተመቱ ደግሞ ከተለመደው ተቃራኒ ይሠራል። የሚያቃስቱትና የሚጮኹት በሕይወት አሉ፤ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። መጀመሪያ ዝም ወዳሉት ይሂዱ። «አፈር ውስጥ ቅበሩት»፣ «ወተት አጠጡት» የሚል ምክር ቢሰሙ አይቀበሉ። አፈር የሚስበው ኤሌክትሪክ አልቀረም፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚሰጥ ወተት ደግሞ ወደ ሳንባው ይገባል። የሚባክነው ጊዜ ልብ ልትነሣ የምትችልበት ጊዜ ነው።

የተረፈው ሰው ደህና ቢመስልም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ሳይዘገይ። የጆሮ ታምቡር ይቀደዳል፣ እግር ለሰዓታት ይደነዝዛል፣ ትዝታና እንቅልፍ ለወራት ሊታወክ ይችላል፤ የዓይን ሞራም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በአንዳንዶች ቆዳ ላይ የፈርን ቅጠል የመሰለ ቀይ ሐረግ ይታያል። ቤተሰብ የሚደነግጥበት ምልክት ነው፤ ቃጠሎ ግን አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በራሱ ይጠፋል።